ደባሱ የት ሄደ?

ዘነዘናው ከፋለን ያገኘው ግራ ክንዱ ላይ ነው። ራሱን ልከልል ብሎ ክንዱን ባያነሳ ኖሮ ያ ቀን የመጨረሻው ይሆን ነበር፤ ሞላ የሰነዘረው ለማስፈራራት አልነበረም። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሞላ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። ከፋለ ከመደቡ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ሞላም ዘነዘናውን መልሶ እያነሳ «ወንድሜን! ወንድሜን በላኸው!» እያለ በላዩ ቆመ። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱን ልጦት አለፈ። ሦስተኛው አልወረደም፤ ፅናት አባቷን ከኋላ ወገቡን አንቃ ይዛ ከነዘነዘናው ግድግዳው ሥር ጣለችው።

ፅናት የመቺው ልጅ ናት፤ የተመቺው ደግሞ ምራት። የማንን ደም አስቀድማ እንደምትጠርግ ስታስብ ጊዜ አላጠፋችም፤ ነጠላዋን ተርትራ የከፋለን ጭንቅላት አሰረች። አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እናቷ ወለተ ሥላሴ በሩ ላይ ቆማለች።

ጥግ ላይ በርጩማ የተሰጣት እንግዳ ቃለሕይወት ትባላለች። ፊቷ አመድ መስሎ «እኔ እኮ ወንድም አለዎት ወይ ብዬ ብቻ ነው የጠየቅኋቸው» አለች።

እውነቷን ነው። ሰው ልታጣላ አልመጣችም። የላካት «ውለታ» የሚባል የአልዛይመርን ምርምር የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱን ያቋቋሙት እናታቸው በመጨረሻ ዘመኗ «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ብላ ከቤት ያባረረቻቸው ልጆች ናቸው ይባላል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ባለሙያም ወደየገጠሩ ይልካሉ፤ የደጋ ሽማግሌ እንዴት እንደሚረሳ፣ ቤተሰቡስ እንዴት እንደሚችለው ለማጥናት። ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት የራቀው አንድ ሆቴል ክፍሎቹን አከራይቷቸዋል። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚታጠፈው መንገድ ዳር ያለው አገሬው ስማቸውን ለመያዝ አልተቸገረም፤ «የመርሳት ድርጅት» ብሎ ጠራቸውና አረፈ። ለመርሳትም ድርጅት ያስፈልጋል እንዴ ብሎ የሳቀባቸው ብዙ ነው። መድኃኒት እንደሌላቸው ቃለሕይወት ገና ደጃፍ ላይ ሳለች ተናግራለች፤ «ፍለጋ ላይ ነን» ነበር ያለችው።

ጥያቄዋም ቀላል ነበር። ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ይሄ ዕቃ ምን ይባላል፣ ልጆችዎ እነማን ናቸው። ሞላ ግማሹን መለሰ፣ ግማሹን በሳቅ አለፈው። ወንድም አለዎት ወይ ስትለው ግን ፊቱ በራ። «አለኝ እንጂ! ደባሱ! የት ሄደ ግን? ደባሱ የት ሄደ?» ብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ኮን ገበያ ወርዷል» አለች ወለተ ሥላሴ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይሄን በጠየቀ ቁጥር ቤተሰቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ያን ቀን ግን ሞላ አልረካም። ወደ አማቹ ዞረና «አንተ ንገረኝ» አለው። ልጆቻቸውን ካጋቡ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስዎ እንጂ አንተ ተባብለው አያውቁም ነበር። ከፋለ ይህቺን «አንተ» ሲሰማ ሞላ የትኛው ዘመን ላይ እንደቆመ ገባው።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ሳል መጣብኝ ብሎ መውጣትም ይችል ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ሳይሰብር «ደባሱ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ዘነዘናው የተነሳው ያኔ ነው።

አበደ እንዴ እንዳትሉ። ሰውየው የማለ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች ማሳ ይዋሰናል፤ በመሃሉ የክረምት ውኃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ደባሱ ቦዩን ወደ ከፋለ ገብስ አዙሮታል ተባለና ከፋለ ሽመሉን ይዞ ወረደ። ደባሱ ሲያየው ሳቀ። ያ ሰው በሁሉ ነገር ይስቅ ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የሚቀመጠው አፉን በጋቢው ይዞ ነው። ከፋለ ያንን ሳቅ ለማስቆም መታው። ደባሱ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ እጁንም አንስቶ «በቃ» አለ። ለከፋለ ግን አልበቃውም። ሁለተኛውን ምት ያሳረፈው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። የራስ ቅሉ ገባ፤ ውኃው ደሙን ይዞ ገብሱ ውስጥ ተንጣለለ። አገር ያወቀው ነውና መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ተፋልሞ አልገደለውም።

ከዚያ ቆላ ወርዶ ተሸሸገ፤ ተይዞ ታሰረ፤ ታስሮም ወጣ። ሞላ ሲወጣ ጠበቀው። ተኩሶ አቆሰለው፤ ጥይቷ እስከ ዛሬ በከፋለ ዳሌ ውስጥ ተቀምጣለች። የከፋለ ዘመዶች በተራቸው የሞላን በሬዎች በጎተራው አጠገብ በጥይት ደበደቡ። ሁለቱም ቤት ወንድ ልጅ ወደ ማሳ የሚወርደው ታጥቆ ሆነ። በስተመጨረሻ የደም ሽማግሌዎች ገቡ።

የዚያ አገር የእርቅ ሥርዓት ይህ ነው፤ ገዳይ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ የሟች ወንድም ፊት በግንባሩ ይደፋል። የሟችን ስም ጠርቶ ገደልኩ ይላል፣ ማረኝ ይላል። የሟች ወገን ከወደደ ድንጋዩን ያነሳለታል፤ ካልወደደ እንደተደፋ ይውላል። ገዳይ በገዛ እጁ ድንጋዩን አያወርድም፤ የሟች ሥጋ ያልሆነ ሰውም አይነካውም። ሞላ ከፋለን ቀኑን ሙሉ አስደፋው። ማጅራቱን ረገጠው፣ ተፋበት፣ ከዚያም ፀሐይ ልትገባ ስትል «ለእግዚአብሔር ብዬ» ብሎ ድንጋዩን አነሳው። ቄሱም ሁለቱን በመስቀል አማሏቸው፤ ሞላ ደም ላይፈልግ፣ ከፋለ ደግሞ ደሙን ላይክድ። «ደባሱ የት ሄደ ብሎ ለጠየቀህ ሁሉ፣ ገደልኩት በል» ነበር የመሐላው ቃል። ልጆች ሲያድጉ የከፋለ ልጅ እሱባለው የሞላን ልጅ ፅናትን አገባ።

ከፋለ ያረጀው በዚያች ይቅርታ ላይ ተቀምጦ ነው። ሰው በርስቱ ይኖራል፣ በልጁ ይኖራል፤ እሱ የኖረው ሞላ ድንጋዩን ባነሳለት ማታ ነው። አሁን ሞላ የቱን እንደረሳ ተመልከቱ። ግድያውን አልረሳም፤ ሲነግሩት ይገባዋል፣ ያንገበግበዋል፣ እጁ መሣሪያ ይፈልጋል። ተጠርጎ የጠፋበት ይቅር ማለቱ ነው።

እሱባለው እቤታቸው የአባቱን ክንድ ሲያይ ክላሹን ከተሰቀለበት አወረደ።

«ሽማግሌ ነው፤ ታሟል» አለችው ፅናት፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ስለታመመ አባቴን ይፍለጠው? በሰንሰለት ታስሮ ጠበል ይወሰድ። እዚያ እየገረፉ ያስለቅቁታል።»

«አባቴን ማንም አይገርፈውም።»

«እንግዲያው እኔ እገላግለዋለሁ።»

ፅናት ከበሩ አልተነሳችም። እሱባለው በሰደፉ ትከሻዋን ገፋት፤ እሷም በጥፊ አጮለችው። ተጋብተው እጅ ሲሰናዘሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ከፋለ ከጋሸና ጤና ጣቢያ በጄሶ ታስሮለት የመጣውን ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ከአልጋው ተነሳ። «መልሰህ ስቀል» አለ ልጁን። «የዚህ ቤት ጠብመንጃ ወደዚያ ቤት ከዞረ፣ አስቀድመህ እኔን ነው የምትመታው።» እሱባለው ክላሹን ሰቀለ። ጥይቱን ግን አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ቃለሕይወት ጠይቃ ጠይቃ የከፋለን ቤት አገኘችው። የመጣችው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ምክሯንም አልያዘችም።

«አባ ከፋለ፣ እሳቸው በጠየቁ ቁጥር እውነቱን መንገር አይረዳቸውም። ወንድማቸው እንደ አዲስ ነው የሚሞትባቸው። ለእርስዎ የድሮ መርዶ ነው፤ ለሳቸው የዛሬ ጠዋት።»

«እና ልዋሽ?»

«ባሉበት ይቀበሏቸው። ወንድሜ ገበያ ነው ካሉ፣ ገበያ ነው።»

«ምያለሁ እኮ፣ ልጄ። በመስቀል።»

«የማሉት ለሳቸው አይደል? እሳቸው እንደሆነ መሐላውን አያስታውሱትም።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አለ ከፋለ። ቆየት ብሎ «እስቲ ልጠይቅሽ። ድርጅታችሁ ያቺን ማታ፣ ድንጋዩን ያነሳልኝን ማታ፣ ለሞላ መልሶ ሊሰጠው ይችላል?» አላት።

«አይችልም። እስካሁን የቻለ የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣችሁ!» ጮኸባት። ክንዱ ጠዘጠዘው፣ ላቡ መጣ።

ቃለሕይወት አልተቆጣችም። «ምን እንደሆነ ሳናውቅ ልናክመው አንችልም። ለማወቅ ነው የመጣነው» አለች። የኔም እናት ልትረሳኝ ትችላለች ብላ እንደምትፈራም ነገረችው። ከፋለ ቁጣው ባይበርድም ልጅቷ እንዳልዋሸችው ገባው፤ ሌሊቱን ነገሯን ሲያመላልስ አደረ።

ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሞላ ቤት ሄደ። ሞላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ጄሶውን ሲያይ ደነገጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ወደቅሁ።»

«ውሸትህን ነው፣ ሰው ነው የመታህ! ስሙን ንገረኝ፤ አንጀቱን ነው የምዘረግፈው!» አለ ሞላ እየተነሳ። ከፋለ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ወንድሙን የገደለበት ሰው ስለተመታ የሚቆጣለት እሱው የመታው ሰው ነው። ሞላ ተመልሶ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ጠየቀ። «ደባሱ የት ሄደ?»

ከፋለ መሬቱን አየ። «ኮን ገበያ ወርዷል» አለ።

«ሲመሽ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

ሞላ ደስ አለው። ለወንድሙ እራት እንዲቀመጥለት ወደ ቤት ተጣራ። ከፋለ ግን ከዚያ ደጃፍ እንዴት እንደተነሳ አያውቅም። ደባሱን ሁለት ጊዜ መትቼዋለሁ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው ብሎ አሰበ፤ ይሄኛው ከሁሉ የባሰ መሰለው፣ ሰውየውን አልሞተም ብሎ ገደለው።

ሞላ ያን ቀን እንደወትሮው ጥያቄውን አልረሳም። ሌሎቹ ሲነግሩት ይረሳው ነበር፤ ከፋለ የነገረውን ግን ይዞት ቆየ። ቀኑ ዘንበል ሲል ወንድሙን ሊቀበል ተነሳ። መንገዱ ላይ ጅብ አይጠፋም ብሎ መጥረቢያውን ከምሰሶው ሥር አነሳ። ወለተ ሥላሴ ጓሮ ነበረች፤ አላየችውም።

ከፋለ በወጣትነቱ ምን ይመስል ነበር ያለ ሰው እሱባለውን ቢያይ ይበቃዋል። ያው ግንባር፣ ያው ረጅም አንገት፣ ሽመሉን ሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ መሄዱም ያው። እሱባለው ጋሸና ገብስ ሸጦ ባዶ አህያውን እየነዳ ቁልቁል ሲመጣ፣ ሞላ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ተገናኙ። ቦታውም የት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያ ቦይ መንገዱን የሚያቋርጥበት ላይ ነው።

ሞላ ያየው የአማቹን ልጅ አይደለም። ሽመል የያዘውን ከፋለን ነው፤ ወንድሙ በሚመጣበት መንገድ ላይ።

እሱባለው «እንዴት ዋሉ» ብሎ ሳይጨርስ መጥረቢያው ትከሻው ላይ ገባ። አህያዋ ደንብራ ሮጠች። ሞላ መጥረቢያውን ነቅሎ እንደገና አነሳ። እሱባለው በእግሩ ጉልበቱን ሲመታው ሽማግሌው በላዩ ተደፋበት፤ ቦዩ ውስጥ ተያይዘው ተንከባለሉ። ሞላ ነከሰው። ጣቱን ዓይኑ ውስጥ ሊከት ፈለገ። «የት ጣልከው? ደባሱን የት ጣልከው?» ይላል። «እሱባለው ነኝ! የልጅዎ ባል ነኝ!» ይላል ያኛው። ሞላ አልሰማም። እሱባለውም ደሙ ሲሞቅ መስማት ተወ። ከላይ ሆኖ የሽማግሌውን ፊት በጡጫ ይወቅጠው ጀመር፤ ጥርሱ ረገፈ፣ ቅንድቡ ተተረተረ። ይህም አልበቃውም። ጥይቱ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ጠብመንጃው ግን ቤት ተሰቅሏል፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሱባለው ዙሪያውን ሲያማትር ከቦዩ ዳር ድንጋይ አየ። ደህናውን ክንዱን አስገብቶ ፈነቀለውና ወደ ደረቱ አቅፎ አነሳው።

ወለተ ሥላሴ ሞላን ስታጣው ያሰማችውን ጩኸት ሰምተው ከፋለና ፅናት እየሮጡ የደረሱት ያኔ ነው። ፅናት ባሏን በስሙ ጠርታ ጮኸች። ከፋለ አልጮኸም። ልጁን በርግጫ ጎኑን ብሎ ከሞላ ላይ ጣለው። ድንጋዩ ከእሱባለው እቅፍ አምልጦ ወደቀ።

ከፋለ የወደቀውን ድንጋይ አየ። ሞላን አየ። ሞላ በአራት እግሩ እየዳኸ መጥረቢያውን አገኘ፣ ተነሳም። ከፊቱ ሁለት ከፋለ ቆመዋል፤ ወጣቱና ሽማግሌው። የቱን እንደሚመታ እስኪመርጥ ድረስ ከፋለ ጫማውን አወለቀ። ድንጋዩን በአንድ እጁና በጄሶው ታግሎ ማጅራቱ ላይ ጫነው። ከዚያ ያ ደም በወረደበት ቦይ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ።

«ደባሱን ገደልኩ» አለ። «ወንድምዎን ደባሱን ገደልኩ። ከወደቀ በኋላ መታሁት። ይማሩኝ።»

ሞላ መጣና ባዶ እግሩን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ተጫነው። የከፋለ አፍና አፍንጫ ጭቃው ውስጥ ገባ። ፅናት ልትደርስለት ስትል እሱባለው ቀሚሷን ያዘ፤ ለምን እንደያዛት እሱም አያውቅም። መጥረቢያው ወረደ። በስለቱ አልነበረም፣ በጀርባው ነው፤ የከፋለ ጎድን ሲሰነጠቅ ከጭቃው ውስጥ ማቃሰቱ ተሰማ። ሞላ ምራቁን ከደም ጋር ቀላቅሎ ማጅራቱ ላይ ተፋ። ከዚያ ከከፋለ ራስ አጠገብ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ወንድሜ» እያለ አለቀሰ። ሰው ትናንት የሞተበት ሰው እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀሰው፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሞላ መጥረቢያውን ጣለ። ሁለት እጁን ድንጋዩ ሥር አስገባ። «ለእግዚአብሔር ብዬ» አለና አነሳው። ማንም ቃሉን አልነገረውም።

ከፋለ ከጭቃው ሲነሳ መተንፈስ ይቸግረው ነበር፤ ሆኖም ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ሞላ ከእንቅልፉ ሲነቃ «ደባሱ የት ሄደ?» አለ። ከፋለ ጎድኑን በጨርቅ አሳስሮ መጣ። ድንጋዩን ከቦዩ አስመጥቶ ከሞላ ደጃፍ አኑሮት ነበር። ተሸከመው፣ ተደፋ፣ ስሙን ጠራ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ የየጠዋት ሥራው ሆነ። መጥረቢያውና ዘነዘናው ከቤት ወጥተዋል፤ ይህን ያዘዘችው ቃለሕይወት ናት። ሌላ ያለችው ነገር ቢኖር «ድርጅታችን ይሄን የሚመስል ነገር አጋጥሞት አያውቅም። ምክር የለኝም፤ ለእርስዎ ግን እፈራለሁ» ነው። እየመጣች ዳር ቆማ ታያለች፤ አንዳንዴ ዓይኗን ትጨፍናለች።

የምትፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። መሣሪያ ባይኖርም ሞላ እጅና እግር አለው። አንድ ጠዋት አፍንጫውን በተረከዙ ሰበረው። አንድ ጠዋት ጆሮውን ነክሶ ቦጨቀው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይነካው ገና ስሙ ሲጠራ ድንጋዩን አንስቶ አቀፈው። እሱባለው ትከሻው ድኖ ክንዱ ግን ወደ ላይ አልነሳ አለው፤ አባቱን «መመታት ሱስ ሆኖብሃል» ብሎ ሰደበውና ለክረምቱ እርሻ ወደ ፍላቂት፣ ወደ አጎቱ ሄደ። ፅናት አልተከተለችውም። አገሬው ተከፋፈለ፤ ግማሹ ጻድቅ ነው አለ፣ ግማሹ ለይቶለታል አለ። ከፋለ የሁለቱንም አልሰማም። ሌላው ሰው በዕድሜው አንዴ ይቅር ከተባለ ብዙ ነው፤ እሱ በየቀኑ ይባላል። አንዳንድ ሌሊት እስኪነጋ ይቸኩል ነበር።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ጠዋት ከፋለ እንደ ወትሮው መጥቶ ጫማውን አወለቀ፣ ድንጋዩን ተሸከመ፣ ተደፋ።

«ደባሱን ገደልኩ። ይማሩኝ።»

መልስ የለም። ርግጫም የለም። ከፋለ አንገቱን ቀና አድርጎ አየ። ሞላ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ኀዘን የለም።

«ማንን?» አለ ሞላ።

«ደባሱን። ወንድምዎን።»

«ወንድም የለኝም» አለ ሞላ፣ በትሕትና፣ ቤት ለተሳሳተ መንገደኛ እንደሚነገረው።

ከፋለ እንደሰማ አልገባውም። ደገመለት። ስሙን ከፍ አድርጎ ጠራለት። ሞላ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ያኔ ከፋለ ድንጋዩን በአንድ እጁ ማጅራቱ ላይ እንደያዘ ተነስቶ በሌላው የሞላን ጋቢ ጨምድዶ ናጠው። «ወንድምህ ነው! አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ! ለቅሶ ቤት አፉን በጋቢ ይዞ የሚስቀው! እጁን አንስቶ በቃ ሲለኝ ነው የደገምኩት! ምታኝ! ተነስና ምታኝ!» ሞላ ግራ ገብቶት አየው። ከፋለ በጥፊ መታው። በጥፊ ደገመው። የሞላ ጭንቅላት ከግድግዳው ተጋጨ፣ ከአፍንጫው ደም ወረደ፤ እጁን ግን ለመከላከል እንኳ አላነሳም።

ፅናት ከቤት ወጥታ የከፋለን ክንድ ጠመዘዘች። «አባየ! ምን ነካዎት? አባቴን!» አለች። ከፋለ ለቀቀው። እጁን አየ፤ ከሁለተኛው ጥፊ በኋላ የቆመ እጅ ነው። ተመልሶ ተንበረከከ።

ሞላ ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ ጎረቤቱን፣ አማቹን፣ የወንድሙን ገዳይ አየው። ከሁሉ የገረመው ድንጋዩ ነው።

«ድንጋዩ የማነው?»

«የኔ ነው» አለ ከፋለ።

«እንግዲያው ይዘኸው ሂድ» አለ ሞላ፣ ፊቱንም ወደ ፀሐይ መለሰ።

ከፋለ ተነሳ። ማውረድ አይችልም፤ ሥርዓቱ ነው። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ እንደተሸከመ በባዶ እግሩ ቁልቁል ሄደ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ዳሩ ላይ ተቀመጠ። ፅናት ጫማውን ይዛ ተከትላው ነበር።

«እኔ ላንሳልዎት» አለችው። «የወንድሙ ልጅ ነኝ። ሥጋው ነኝ፤ ይገባኛል።»

«ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት አውቀዋለሁ፣ ሳልወለድ የሞተ።»

«ታዲያ ማንን ገደልክብኝ ብለሽ ነው ይቅር የምትይኝ?»

ቦዩ ውስጥ ውኃ ይወርዳል። በዚህ አገር ደባሱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ተቆጥሮ አልቋል፤ የቀረው ይሄ ሽማግሌ ነው፣ እሱም ነገ ቃለሕይወት ፊት ተቀምጦ የቀኑ ስም ሊጠፋው ይችላል። ፅናት ጫማውን እግሩ ሥር አስቀመጠችለትና አጠገቡ ዳሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ይንገሩኝ» አለችው። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ከፋለ ቦዩን አየ። ድንጋዩ ማጅራቱን ልጦት ደም በአንገቱ ይወርዳል።

«ይስቅ ነበር» ብሎ ጀመረ።